የተለቀለቀው ግድግዳ

ይሄው ሳምንት ሆነኝ፤ ውኃ ልቀዳ ስወጣ እንኳ ነጠላዬን እስከ አፍንጫዬ ስቤ ነው የምሄድ። ሠፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ሐፍረቱ የእናቴ ብቻ ቢሆን በተሻለኝ፤ ግማሹ የኔው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ያለው ቀበሌያችን እናቴን ሸዋዬን መርጦ የወባ ሥልጠና አስገባት። አሠልጣኙ ጓድ አምሐ ያስተማረውን ሳታጓድል ይዛ መጣች። ትንኟ ደም ከጠጣች በኋላ ግድግዳ ላይ ታርፋለች፤ የተረጨው ዲዲቲ እዚያው ይገድላታል፤ በእበት ከለቀለቃችሁበት ግን መድኃኒቱን ቀበራችሁት ማለት ነው። በተራዋ የሠፈሩን ሴቶች ስታሠለጥን ደግሞ የራሷን ቁጣ ጨመረችበት። እናቴ ስትቆጣ አያድርስ ነው!

ክረምት ሊገባ ሲል ቤቱ ሁሉ ተረጨ። ጥቅምት ላይ የጎረቤታችን የባንቺአየሁ ልጅ ሙሉነሽ ልትዳር ሆነ። የዲዲቲው እድፍ ከላይ እስከ ታች ወርዶ ግድግዳው ያስጠላል። ባንቺአየሁ እበት በጥብጣ ልትለቀልቅ ስትል እናቴ ደረሰችባት። ባልዲውን ነጥቃ መንገድ ላይ ደፋችው።

«የሠርግ ቤት ነው ሸዋዬ፣ ስለ እመቤቴ!» ብላ ብትለምናት፣ «ትንኝ ሠርግ አታውቅም!» አለቻት።

ባንቺአየሁ ታዘዘች። በሠርጉ ዕለት የሙሽራው አክስት ገብታ ገና ሳትቀመጥ፣ «ግድግዳውን ፍየል ሸንቶበታል እንዴ?» አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሙሉነሽ በሠርጓ ቀን ስታለቅስ ዋለች።

ኅዳር ሲገባ ተራው የኔ ሆነ። የእጮኛዬ የአካሉ እናት፣ ወይዘሮ ፅጌ ማርያም፣ ከዘመዶቻቸው ጋር ከጎርጎራ በጀልባ ቤታችንን ሊያዩ ይመጣሉ ተባለ። «የኛንም ግድግዳ ፍየል ሸናበት ልታስብይ ነው?» እያልሁ እናቴን ቁም ስቅሏን አሳየኋት። እምቢ አለች። ብዙ ቀን እምቢ አለች። በዋዜማው ግን በሩን ዘግታ፣ እጅጌዋን ሰብስባ በእበት ለቀለቀችው። እኔ ደስ ብሎኝ ዘፈንሁ። አፈር በበላሁ!

በማግስቱ እንግዶቹ ከተቀመጡ በኋላ ባንቺአየሁ ልታግዘን ጠላ ይዛ መጣች። ደጃፉ ላይ ቀጥ አለች። ግድግዳውን በጣቷ ነካ አደረገችው፤ ገና እርጥብ ነው። ቀና ብላ እናቴን አየቻት። እናቴ መሬት መሬቱን አየች።

እኔ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ሆኜ አሾልቄ እያየሁ እሰማለሁ። ወይዘሮ ፅጌ ማርያም ግድግዳውን ዞር ዞር ብለው ተመለከቱት። እንዴት ያምራል ይላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ «ይኼ ቤት መድኃኒት አልተረጨም እንዴ?» አሉ።

ባንቺአየሁ ቀደመች። «ረጪዎቹ ዘለውት ነው፣ እሜቴ።»

«ምነው? እኔኮ የበኩር ልጄን በወባ ቀብሬያለሁ። የዚህችን ልጅ ነገር የወደድሁትም እናትየዋ ስለ ወባ ታስተምራለች ሲሉኝ ነው።»

እናቴ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች። «አልዘለሉትም» አለች። «ተረጭቶ ነበር። እርስዎ እንዳይንቁን ብዬ ትናንት በእጄ ለቀለቅሁበት።»

«ሰው እያስተማሩ?»

«አዎ።»

እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ። እንግዶቹ ጠላውን ለወጉ ቀመስ አድርገው፣ «ተመካክረን ቃል እንልካለን» ብለው ተነሡ። እስከ ዛሬ የመጣ ቃል የለም።

በሩ ሲዘጋ እናቴ ከባንቺአየሁ እግር ላይ ወደቀች። ባንቺአየሁ በብብቷ ይዛ አነሣቻት።

«ተነሺ። በሰው ፊት ገመናሽን ልሸፍን ያልሁት ጎረቤትሽ ስለሆንሁ ነው» አለቻት። «ግን ሸዋዬ፣ ሙሉነሽ ስታለቅስ እዚያው ተቀምጠሽ ነበር። ያንቺዋ ልጅ ናት። የኔዋስ?»

ለቅልቂው ብዬ የወተወትኋት እኔ ከመጋረጃው ጀርባ አልወጣሁም።