እንዲበላ የተተወ ዳር

መቅደላዊት የነገውን ስምሪት ጽፋ ማርከሩን ስትከድን፣ ከኮሌጁ አምስት መኪኖች የአራቱ መስመር ሰሌዳው ላይ ሞልቶ ነበር። የአምስተኛው፣ የአሮጌው ፒካፕ መስመር ግን እንደ ወትሮው ባዶውን ቀረ። የስምሪት ኃላፊ ሆና ከተሾመች ጀምሮ ያን መስመር ማንም ነክቶባት አያውቅም። አዲሱ የአስተዳደር ሹም አቶ ሣህሉ ከአዲስ አበባ ተዛውረው ከመጡ ወዲህ ግን፣ በባሕር ዳር ከተማ ከዚያ ባዶ መስመር የከፋ ጠላት ያላቸው አይመስልም።

«ይህ መኪና ነገ የት ይሄዳል?» አሉ በሩ ላይ ቆመው።

«አላውቅም።»

«የስምሪት ኃላፊዋ አያውቁም?»

«ስለማላውቅ ነው ባዶ የተውሁት።»

ሹፌሩ አንዳርጋቸው ከአግዳሚው ላይ ሆኖ፣ «ጌታዬ፣ እሱ እኮ ሱባኤ ገብቷል» አለና ሳቁን በመዳፉ ሸፈነ።

አቶ ሣህሉ አልሳቁም። «ነገ ለእንግዶቻችን የጉዛራን ግንብ አሳያለሁ። ፒካፑ ወንበርና ምሳ ጭኖ እንፍራንዝ ድረስ ይከተለን።»

«ምሳው ከሚኒባሱ ኋላ ይጫናል። ወንበር ደግሞ እንፍራንዝ አይታጣም።»

«ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን ሠራ?»

«አንድ ቀን። ነፋስ ተነሥቶ ጀልባው ዘጌ ሲቀር፣ ተማሪዎቹን በየብስ ዞሮ ያመጣቸው እሱ ነው።»

«ነፋሱንም አስቀድሞ ማቀድ ነበር!»

«እንግዲያው ለነፋሱ ደብዳቤ ይጻፉለት፤ ማኅተሙ እርስዎ ዘንድ ነው።»

የሹሙ ፊት ጠቈረ። «ይሁን፤ ነገ እዚሁ ይቁም። ማታ መጥቼ ምን ድንገተኛ ነገር እንደመጣ እጠይቃለሁ። ምንም ካልመጣ ግን የስምሪቱን ሥራ አስረክበው መዝገብ ቤት ይገባሉ።» ይህን ብለው ወጡ።

«እታለም፣ ምን አከራከረሽ?» አለ አንዳርጋቸው። «ጥገና ላይ ነው ብለሽ ጻፊበትና ተገላገዪ።»

«ጋሼ፣ ደኅናውን መኪና ታሟል ልበል?»

መቅደላዊት ግትርነቷን ከመሬት አላነሣችውም። አባቷ መሪጌታ ገብረ ሕይወት ዘጌ ላይ ብራና ሲጽፉ ያደገች ናት። ልጅ ሳለች፣ በጽሑፉ ዙሪያ የሚተዉት ባዶ ዳር ያንገበግባት ስለ ነበር፣ «ፍየሏ የታረደችው ለባዶ ቦታ ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም ብርዑን ሳያስቀምጡ፣ «ልጄ፣ ብራና የሚበላው ከዳሩ ነው» አሏት። «የአንባቢ ጣት፣ ዝናብ፣ አይጥ፣ ሁሉም ከዳር ይጀምራል። ኅዳግ የምተወው እሱ እንዲበላ ነው፤ ቃሉ እንዳይበላ።»

በማግሥቱ ፒካፑ ዋርካው ጥላ ሥር ቆሞ ዋለ። አንድ ጊዜ ስልክ ጮኸ፤ የተሳሳተ ቁጥር ነበር። ጀልባዎቹ በሰላም ሄደው በሰላም ተመለሱ። ሐይቁ እንኳ ያንን ቀን የተኛ ይመስል ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንዳርጋቸው መቀመጥ አቃተው። «አምላኬ፣ ከባድ ባይሆን፣ እንዲያው የአንድ ሰው እግር ወለም ቢል ምናለ!»

«አፍህን ያዝ!» አለችው። ቊጣዋ ግን ከእሱ ይልቅ በራሷ ላይ ነበር፤ ከረፋዱ ጀምሮ ስልኩን በምን ዓይን ስትመለከተው እንደ ዋለች አሁን ገባት። ወንበሯን ላለማጣት ስትል የሰው መከራ ስትጠብቅ ውላለች። ስልኩን ከፊቷ አንሥታ መስኮቱ ደፍ ላይ አኖረችው።

አቶ ሣህሉ አቧራ ለብሰው፣ ፊታቸው በርቶ ገቡ። «እህስ፣ ምን መጣ?»

«ምንም አልመጣም። ተመስገን!»

«ተመስገን?»

«የታመመ የለም፤ መንገድ ላይ የቀረም የለም። ከዚህ የበለጠ ምን ሊመጣልኝ ኖሯል? ይህን ቀን እንደ ኪሳራ የሚቈጥር ሰው ምን ቢመጣለት እንደሚደሰት ይንገሩኝ።»

«ነገሩን አያዙሩብኝ። ቃል ቃል ነው፤ ቁልፉን።»

መቅደላዊት የፒካፑን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ቀጥላም ማርከሩን በሁለት እጇ አቀረበችላቸው። «የነገውን እርስዎ ይሙሉት። ነገር ግን ከመስመሩ ሥር ‹ነገ ድንገተኛ ነገር አይመጣም› ብለው ይፈርሙበት። ከዚያ በኋላ መዝገብ ቤትም ቢሆን እየዘመርሁ እገባለሁ።»

ሹሙ ማርከሩን ነጥቀው ከሰሌዳው ፊት ቆሙ። «ከእንፍራንዝ ተውሰን ግንቡ ላይ የተውነውን ወንበር መመለስ» ብለው ጻፉ። ከዚያም እጃቸው ወደ ታች፣ ፊርማው ወደሚያርፍበት ቦታ ወረደ፤ እዚያ ሲደርስ ቆመ። የመስኮቱ መጋረጃ ከሐይቁ በኩል በመጣ ነፋስ ቀስ ብሎ ተነፋ። አቶ ሣህሉ ዞር ብለው አዩት፤ ማርከሩንም ከደኑት።

«ወንበሩ ከነገ ወዲያም ይመለሳል» አሉ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው፣ የጻፉትንም በእጅጌያቸው እየጠረጉ። «ለነገ ብቻ ነው ግን!»

መቅደላዊት ቁልፉን አንሥታ ወደ ቦታው ሰቀለችው።

«እኔም ከነገ አልፌ ጠይቄ አላውቅም» አለች።