አውራ ጣቴ ያለበት ወረቀት

የጎልማሶች ትምህርት አስተማሪያችን «ከቤታችሁ ያገኛችሁትን ወረቀት አምጡና አንብቡ» ብሎ አዘዘን። ሌላው የመብራት ደረሰኝ አመጣ። እኔ ከሣጥኑ አውራ ጣቴ ያለበትን ወረቀት አወጣሁ።

ጣቴን ያሳረፍኩበት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ልጄ ረቢያ ከኩዌት ታማ በተመለሰች በሦስተኛው ወር፣ አጎቷ ሐሰን ወረቀትና ቀለም ይዞ መጣ።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«ለሕክምናዋ ነው። ካላመንሽኝ አንብቢው» ብሎ ሳቀ።

እኔም ሳቅሁ። ረቢያ መደቡ ላይ ጋደም ብላ ታየን ነበር።

ክፍል ውስጥ በጣቴ እየተከተልኩ ጮክ ብዬ አነበብኩት። «በአእምሮ ሕመም ምክንያት… ራሷንና ንብረቷን… ማስተዳደር ስለማትችል… አጎቷ ሞግዚት እንዲሆኑ… እኔ እናቷ ተስማምቻለሁ።» አንድም ፊደል አልሳትኩም። አስተማሪው «ጎበዝ» አለኝ፤ ሁሉም አጨበጨቡልኝ።

ንብረቷ ሐይቅ ከተማ ያሠራችው ሁለት ክፍል ቤት ነው። ሐሰን ሲያከራየው ለመድኃኒቷ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ፍርድ ቤት ሄድኩ። መዝገብ ቤት የምትሠራው ሠርክአዲስ ፋይሉን ገለጥ ገለጥ አደረገችው።

«እናቴ፣ አጎቷ ቤቱን ልሽጥ ብሎ ፈቃድ ጠይቋል። ቀጠሮው ሰኞ ነው።»

«ልጄ እኮ ተሽሏታል። ቤቷ ገብታ መኖር ነው የምትፈልገው።»

«ያኔ፣ ሞግዚት ሲሾምባት፣ ችሎት ቀርባ ነበር?»

«ታማ እንዴት ትቀርባለች?»

«የሚናገርላት ሰውስ?»

«እኔ አለሁ አይደል?»

«እርስዎማ ከአጎቷ ጋር ፈርመዋል። ከቤተሰብ ውጭ፣ ለእሷ ብቻ የሚቆም ሰው ነው የምልዎት።» ፋይሉን ዘጋችው። «አሁንም ራሷ መጥታ ሞግዚትነቱ ይነሣልኝ ብላ ታመልክት። ግን ሰኞ ቅርብ ነው።»

ቤት ስደርስ ረቢያ ልብስ ታጥባለች። ወረቀቱን ሰጠኋት። እጇን በቀሚሷ አድርቃ ባንድ ትንፋሽ ጨረሰችው። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምራለች።

«ያን ቀን እዚሁ መደቡ ላይ ነበርኩ» አለችኝ። «ምናለ አንብቢልኝ ብትዪኝ?»

«ታመሽ ነበር፣ ልጄ።»

«ዓይኔንም አሞኝ ነበር?»

ወረቀቱን እንደነበረ አጥፋ መለሰችልኝና ወደ ሳፋዋ ጎንበስ አለች።

«ሰኞ እሄዳለሁ» አለች፣ ቀና ሳትል። «ከፈለግሽ አብረሽኝ ነይ። እንዳትናገሪልኝ ብቻ።»