መንታዋ ጀልባ

ኒካኖር የወንድሙን ግቢ ሲረግጥ ካርታ የሚጫወቱት ለቀስተኞች ካርታቸውን ደፉ። ናናይ ሳሉድ ብቻ ሊጥሏት ያነሷትን ካርታ እንደያዙ፣ «መጣ እንግዲህ! ሰውዬው በቁሙ ሳለ መንገዱ ጠፍቶት ነበር» አሉ። አሮጊቷ ጎረቤት ናቸው፤ ሁለቱንም ወንድማማቾች ሲወለዱ የተቀበሉ አዋላጅ። ስለዚህ የፈለጉትን ይናገራሉ፣ ሰሚውም ዋጥ ያደርጋል።

ኒካኖርም ዋጥ አደረገ። የእሱን ቤት ከዚህ ቤት የሚለየው አንድ የቀርከሃ አጥር ነው። ታላቅ ወንድሙ ዳማሶ ደረቱን ይዞ ከወደቀ ጀምሮ ለቅሶውን በአጥሩ ቀዳዳ ሲያይ ነበር የከረመው። መብራቱን፣ የቡናውን ማንቆርቆሪያ፣ ብስኩት የሚያዞሩትን ሴቶች ሁሉ አይቷል። ዛሬ ግን ነገ ቀብር ነው ሲሉ ሰማ፤ ከዚያ በኋላ አጥሩ ሥር መቆም አልቻለም።

ውስጥ ፌሊሳ ከባሏ ሬሳ ሳጥን ራስጌ ተቀምጣለች። ቀና ብላ አላየችውም። በለቅሶ ቤት መጪን አይቀበሉም፣ ሂያጅን አይሸኙም፤ ወጉ ነው ብሎ ራሱን ሊያጽናና ሞከረ። ወጉ ብቻ እንዳልሆነ ግን ያውቀዋል። የሳጥኑ መስታወት ላይ ጎንበስ ሲል ግንባሩን በመዳፏ ገፋ አደረገችው።

«እንባህን ከመስታወቱ ላይ ዞር አድርግ። እንባ ከነካው የሚሄድበትን መንገድ ታከብድበታለህ።»

«አላለቀስኩም፣ ማናንግ» አላት፤ የታላቅ ወንድም ሚስት የምትጠራው እንዲህ ነው።

«እሱንም አይቻለሁ» አለች።

በመስታወቱ ሥር ዳማሶ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ አንድ ነገር ሊናገር ብሎ የተወው ይመስላል። የቀኝ አውራ ጣቱ ጥፍር ቁንዶ በርበሬ መስሎ ጠቁሯል። መዶሻ የመታው ጣት ነው፣ ያውም በቅርቡ። ኒካኖር ጣቱን አየና ቅናት ነካው። ያንን መዶሻ ከአጥሩ ማዶ ሲሰማው ነበር፤ ወንድሜ እኔን ትቶ የራሱን አዲስ ጀልባ እየሠራ ነው ብሎ ስንቱን ቀን በንዴት ተቃጥሏል።

ሁሉም የጀመረው በአባታቸው ጀልባ ነው። ባሕሩ ዳር የነበረው ሆቴል ሲዘጋ ባለቤቶቹ አሸዋ ላይ ጥለዋት ሄዱ፤ አባትየው አንስተው የራሳቸው አደረጓት። ጎን ለጎን ውኃው ላይ የሚንሳፈፉ ሁለት ቀጫጭን ቀፎዎች፣ በመካከላቸው የተወጠረ መረብ፣ ከላይ አንድ ሸራ፤ እሷው ነች መንታዋ ጀልባ። አባታቸው ሞተር ያሳምመኛል ይሉ ነበርና ማንጎ እየጫኑባት በሸራ ወደ ትልቁ ደሴት ይሻገሩ ነበር። እሳቸው ሲያረጁ ልጆቹ ተረከቧት። ኒካኖር መሪው ላይ፣ ዳማሶ በቀኝ በኩል መቅዘፊያ ይዞ። ነፋሱ ሲገለበጥባቸው ኒካኖር ወደ ጎን ሳያይ «ያዝ!» ይላል፤ ዳማሶም መቅዘፊያውን ውኃው ውስጥ ሰክቶ «ይዣለሁ!» ይላል። ቀኑን ሙሉ ከዚህ ሌላ ቃል ሳይለዋወጡ የሚውሉበት ጊዜ ነበር፤ ግን ያኔ ተኳርፈው አልነበረም።

አንድ ክረምት ማዕበል መጣና ጀልባዋን ካሰሯት ቦታ ነጥቆ ድንጋይ ላይ ጣላት። ቀኙ ቀፎ ደቀቀ። ግራው ተረፈ፣ እሱም ቢሆን በስብሶ ነበር። «ገመዱን ያሰርከው አንተ ነህ» አለ አንዱ። «መጨረሻ ላይ ያየኸው አንተ ነህ» አለ ሌላው። ያን ዕለት ከአፋቸው የወጣው ሌላ ሌላው ነገር፣ ስለ አባታቸው አሟሟት ጭምር፣ እዚህ አይደገምም። ከዚያ በኋላ በመካከላቸው ያለው አጥር ለዶሮ ብቻ የታጠረ መሆኑ ቀረ።

ያስታረቁ የመሰላቸው ናናይ ሳሉድ ናቸው። «መነጋገር ምን ይሠራላችኋል? አንድ አንድ ቀፎ ሥሩ። ያቺን የተረፈችውን እያያችሁ ሥሩ» አሉ። ሁለቱም ታዘዙ። አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ማታ፣ እንዳይገናኙ ሰዓት እየመረጡ፣ አሸዋው ላይ የተጋደመውን አሮጌ ግራ ቀፎ ለኩት። ኮምፔርሳቶ ቆረጡ፣ አጥንት አቆሙ፣ ኮላ ለቀለቁ።

የመንታዋ ቀፎ ደግሞ እንደ ሌላ ጀልባ ሁለት ጎኑ እኩል አይደለም። በውጭ በኩል ጠፍጣፋ፣ በውስጥ በኩል ጎበጥ ያለ ነው፤ እንደ ጫማ ግራና ቀኝ አለው። እያንዳንዱ ቀኙን ወንድሜ ይሠራዋል ብሎ አሰበ። ሁለቱም ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ፣ አንዱም ግን አጥሩን አልፎ «የትኛውን ነው የምትሠራው?» ለማለት አልወደደም። ሁለቱ ቀፎዎች ባሕሩ ዳር ጎን ለጎን ሲቆሙ ሁለቱም ግራ ሆኑ። ሰፈሩ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ወንድማማቾቹ ቀፎ ቀፏቸውን ተሸክመው ወደየግቢያቸው ገቡ፤ ያን ቀን እንኳ ዓይን ለዓይን አልተያዩም።

«ቶቶ» አለች ፌሊሳ። ዳማሶ ታናሹን የሚጠራበት ስም ነው፤ እሷ ስትለው ግን ይኮመጥጣል። «ደረቱን ባመመው ቁጥር የሚለው አንድ ነገር ነበር። በአባቴ ጀልባ ካልሆነ ከባሕሩ ማዶ ወዳለው መቃብር አልሻገርም ይል ነበር። እኔ ምን ላድርግ? ጎረቤታችን ኢስኮ ሊያሻግረው ሞተር ጀልባውን አጥቦ ቁጭ ብሏል። ቃሉን ላፈርስበት ነው።»

ኒካኖር ቀና አለ። ከስንት ጊዜ በኋላ ለወንድሙ የሚሰጠው ነገር አገኘ። ደስታው ለቅሶ ቤት ውስጥ የሚገባ ዓይነት ስላልነበረ አንገቱን ደፍቶ ደበቀው።

«ይሻገራል እንጂ!» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማናንግ፣ ለማንም አልነገርኩም እንጂ የኔን አስተካክዬዋለሁ። ለሰፈሩ በዓል ላወጣው ነበር። ፈታሁትና አጥንት አጥንቱን አዙሬ እንደገና ገጠምኩት። አሁን ቀኝ ነው። የሱ ግራ፣ የኔ ቀኝ። ነገ ጠዋት እናያይዛቸዋለን።»

ፌሊሳ አፍ አፉን አየችው። ከዚያ ሳቀች። ትንሽ ሳቅ አልነበረም፤ ውጭ ካርታው ቆመ፣ ብስኩት የያዘችው ሴት በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። እየሳቀች ተነሳችና እጅጌውን ይዛ ጎትታ በጓሮ በር አወጣችው።

ማንጎው ዛፍ ሥር ሰማያዊ ላስቲክ የለበሰ ረጅም ነገር አለ። ላስቲኩን ገፈፈችው።

ኒካኖር በግራ ጎኑ በኩል እጁን ሰደደ። ጎበጥ ያለ ነው። ዞሮ በቀኝ በኩል ዳሰሰው። ጠፍጣፋ። እንደገና ዞረ፣ እጁን ያላመነ ይመስል እንደገና ዳሰሰ።

«ቀኝ ነው» አለ።

«ቀኝ ነው» አለች ፌሊሳ። ሳቋ አልቋል። «የወደቀ ዕለት ጠዋት ምን አለኝ መሰለህ? ‹በበዓሉ ቶቶን ጉድ አደርገዋለሁ። ታላቁ እኔ ነኝ፣ እኔ ልሸነፍ› አለኝ።»

«መዶሻውን እሰማ ነበር። እኔን ትቶኝ...»

«እሱም ያንተን ይሰማ ነበር። ቶቶ የዶሮ ቤት ይሠራል እያለ ይስቅብህ ነበር።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አስምሎኛላ! አንተስ? አፍህን ማን ሰፋው? አጥሩ ይኸው፣ ብትዘለው ጉልበትህን ያምህ ነበር?» ድምፅዋ ሰለለ። «ሐኪሙ እንጨት አታንሳ ብሎት ነበር። ይኼን ሁሉ ብቻውን ገለበጠው። በመጨረሻ ያኛውን ጫፍ ሊያነሳ ሲል ነው የወደቀው። አንድ ሰው፣ ቶቶ። ጫፉን የሚይዝለት አንድ ሰው ነበር የሚፈልገው።»

ሰጋቱራው እንደተበተነ መሬቱ ላይ አለ፤ ሬሳ ባለበት ቤት መጥረጊያ አይነሳም። ሰጋቱራው ላይ የዳማሶ ባዶ እግር አሻራ አለ፤ ከቀፎው አንድ ጫፍ ወደ ሌላው፣ ከሌላው ወደዚያኛው፣ አንድ ሰው ለሁለት ሰው ሥራ የተመላለሰበት። ኒካኖር እንዳይረግጠው እግሩን ሰበሰበ።

«ይቅር በይኝ፣ ማናንግ።»

«ይቅርታ ከኔ አትጠይቅ፤ የለኝም» አለችና ላስቲኩን መሬት ላይ ትታ ገባች።

በማግሥቱ ጠዋት ሰው ሁሉ ባሕሩ ዳር ወጣ። ሁለቱ ቀፎዎች ጎን ለጎን ሲቆሙ በዚህኛው ጊዜ የሳቀ የለም። ናናይ ሳሉድ ብቻ ራሳቸውን ነቀነቁ። «በፊት ሁለት ግራ፣ አሁን ሁለት ቀኝ! ከእናታችሁ ሆድ ሳወጣችሁ ጭንቅላታችሁን ጨምቄው ይሆን?» አሉና በቀሚሳቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «እያያችሁ ሥሩ ያልኩ እኔ ነኝ። ተነጋገሩ ማለት ነበረብኝ።»

ኢስኮ ሞተር ጀልባው ላይ ቆሞ፣ «ኒካኖር፣ ተው። ሁለት ቀኝ ወደ ግራ ይጎትትሃል። ድንጋዩ ላይ ትወጣለህ» አለ።

«እይዛታለሁ።»

«ብቻህን?»

ኒካኖር ገመዱን ማጥበቅ ቀጠለ። እያንዳንዷን ቋጠሮ ሁለት ጊዜ አሰረ፣ ከዚያ ደግሞ ጎተት አድርጎ አያት።

ሳጥኑን መረቡ ላይ በተነጠፈ ጣውላ አስቀመጡት። ፌሊሳ እግርጌው ተቀመጠች፤ «ወደ ድንጋዩ ከሄደች ከኢስኮ መጎተቻ ገመድ እቀበላለሁ፣ አንተን አላይም» አለችው። ኒካኖር የድሮውን መቅዘፊያ ከቤቱ አምጥቶ በቀኝ በኩል፣ በወንድሙ ቦታ አጋደመው። ለምን እንዳመጣው የጠየቀው አልነበረም።

ሸራው ነፋስ ያዘ። አዲሶቹ ቀፎዎች ጠብታ ውኃ አላስገቡም፤ የዳማሶም የኒካኖርም ሥራ ጥሩ ነበር። ግን ከዳር ፈቀቅ እንዳሉ ጀልባዋ ወደ ግራ መሳብ ጀመረች። ኒካኖር መሪውን ደረቱ ላይ ለጥፎ ታገላት። የኢስኮ ሞተር ከኋላ ቀስ ብሎ ይከተላል፤ ሰዎቹ መዝሙሩን አቋርጠው ዓይናቸውን ድንጋዩ ላይ ተክለዋል። ፌሊሳም ድንጋዩን ታያለች።

በድንገት ነፋሱ ተገለበጠ። የጀልባዋ አፍንጫ ወደ ግራ ዞረ፣ ሳጥኑ ጣውላው ላይ ተንሸራተተ። ኒካኖር ወደ ጎን ሳያይ፣ አፉ እንደለመደው ጮኸ።

«ያዝ!»

ማንም አልመለሰም። መቅዘፊያው በቦታው ተጋድሟል። ፌሊሳ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች። ኒካኖር መሪውን በጉልበቱ ደግፎ ተንጠራራ፣ መቅዘፊያውን አንስቶ በቀኝ በኩል ውኃው ውስጥ ሰካው፤ እዚያው እንደተንጋደደ፣ ለሁለት ሰው ሥራ ተዘርግቶ፣

«ይዣለሁ» አለ።