የተቀባው መጋረጃ

የሬጅናልድ አያት ያቆሙት ቤት ጠማማ የእንጨት ቤት ነበር። አባቱ ገንዘብ ሲያገኙ አላፈረሱትም፤ ፊቱን ብቻ በነጭ ድንጋይ ሸፈኑና ግራና ቀኙ እኩል እንዲሆን መስኮት ደረደሩበት። ፎቁ ላይ በስተግራ ግን፣ መስኮት መሆን በነበረበት ቦታ የድሮው ጭስ ማውጫ ተገትሮ ተገኘ። ምን ይደረግ? ድንጋዩ ላይ መስታወትና የተከፈተ ነጭ መጋረጃ በቀለም ተሳለበት። መላው የኖርፎክ አውራጃ ሰው መስኮት ነው ብሎ ይምል ነበር።

ሙሽራዋ ዶርካስም አምና ነበር። የሠርጓ ዕለት ሬጅናልድ ከሠረገላው ላይ ሆኖ፣ "ያቻት የመኝታ ክፍልሽ ናት" ብሎ ሲያሳያት እናቷ በጆሮዋ አንሾካሾኩ።

"ልጄ፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ በዚህ ነው የማልፈው። ከከፋሽ መጋረጃውን ዝጊው። ወንድምሽን እልክልሻለሁ።"

ክፍሏ ስትገባ በመስኮቱ ቦታ ያገኘችው ግድግዳ ነው።

ሬጅናልድም የውጭ አልጋ፣ የቤት ቀጋ ሆነ። ወደ መንገድ የሚያዩትን ክፍሎች ሁሉ ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ይከታል፤ ከደጅም አያስወጣትም፤ ደብዳቤዎቿን እያነበበ እሳት ውስጥ ይጨምራል። እናቷ ሊጠይቋት ሲመጡ "የለችም" ይባላሉ። እሳቸውም ቀና ብለው ያንን የተከፈተ መጋረጃ ያዩና፣ "እሰይ፣ ደህና ናት" ብለው ይመለሳሉ። ይህን ከሠራተኛዋ የሰማች ቀን ዶርካስ ግድግዳውን በጥፍሯ ቧጠጠችው።

በጸደይ ቀለም ቀቢው የደበዘዘውን መስኮት ሊያድስ መጣ። ዶርካስ ምሳ ላይ ነገር ጀመረች።

"ጌታዬ፣ ሰው እየሳቀብን ነው አሉ።"

"ማን? በምን?"

"በዚያ መስኮት ነዋ። በዝናቡም በብርዱም መጋረጃው ክፍት! ሌሎቹ ሲዘጉ እሱ አፉን ከፍቶ ይቀራል። የውሸት መሆኑን ያስነቃል።"

ሬጅናልድ ፊቱ ቀላ። ሚስቱ ብታለቅስ ግድ የለውም፤ በቤቱ ሲሳቅ ግን ያመዋል። መጋረጃው ተዘግቶ እንዲሳል አዘዘ።

"ለካ ያንቺም ጭንቅላት አንዳንዴ ይሠራል!" አላት።

እሑድ አለፈ። በማግስቱ ወንድሟ ሃምፍሪ የወፍጮ ቤታቸውን ሰዎች አስከትሎ በፈረስ መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ።

"እህቴን ልወስድ ነው የመጣሁት።"

"ማን ጠራህ?"

"መጋረጃዋ ተዘግቷል።"

ሬጅናልድ ከት ብሎ ሳቀ። "አንተ ሞኝ! ቀለም እኮ ነው! ከኋላው ግድግዳ ነው ያለው!"

ሃምፍሪ መስኮቱን ቀና ብሎ አየው፤ አልሳቀም።

"ታዲያ እህቴን ግድግዳ ውስጥ ነው ያኖርካት?" አለና ከፈረሱ ወረደ።

ዶርካስ ደረጃው ላይ ሆና ትሰማለች። ካባዋን ለብሳ፣ ጫማዋን አስራ ጨርሳለች።