ወፎቹ የት ይቆማሉ?

«እማ፣ ውሃው ዓመቱን ሙሉ ከሞላ ወፎቹ የት ይቆማሉ?»

ኒላ ይህን ስትጠይቅ እናቷ ኦማና የዓሣ ቅርፊት እየፋቀች ነበር። «እግርሽን ታጠቢና ግቢ» ብላ አለፈችው። ጥያቄው ግን እንደ ዓሣ አጥንት የእናትየዋ ጉሮሮ ላይ ተሰንቅሮ ቀረ።

ከባሕሩ ዳርቻ ያለው ማሳቸው በክረምት ሩዝ፣ በበጋ ደግሞ የባሕር ውሃ እየገባበት ሽሪምፕ የተባለውን ትንሽ የባሕር እንስሳ ይሰጣል። ሩዙ ከታጨደ በኋላ ውሃው ከቁርጭምጭሚት ስለማያልፍ ሳቢሳዎችና እግረ አጫጭር ወፎች ጭቃውን ሲጎረጉሩ ይከርማሉ። አሁን ግን ዝናቡ መዘግየት፣ ባሕሩም ከፍ ማለት ጀመረ። ዓምና ጨዉ በዝናብ ያልታጠበለት መሬት ዘሩን አቃጠለው። ስለዚህ የኦማና ባል ታላቅ ወንድም ዳሳፓን «ሩዙ ይቅርብን፤ የባሕሩን ውሃ የሚያስገባውን በር ከፍተን ክረምት ከበጋ ሽሪምፕ እናርባ» አለ።

ያ ከሆነ የጨው ውሃ ከቤታቸው ግድግዳ ሥር ሊተኛ ነው። የጎረቤት መንደር ቤቶች እንዲሁ ተሰነጣጥቀው ሰዎቹ ከተማ ገብተዋል። ኦማና ቤቷን ለቃ መሄድን ስታስብ እንቅልፍ ይነሳታል።

የማሳው ባለድርሻዎች በተሰበሰቡ ዕለት ያሰበችው ንግግር ሁሉ ጠፋት። ከአፏ የወጣው የልጇ ጥያቄ ብቻ ነበር። «ወፎቹስ የት ይቆማሉ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«ክንፍ አላቸው እኮ! ሌላ ቦታ ይፈልጋሉ» አለ ዳሳፓን።

«እኔስ?» አለች ዕድሜዋን በአጨዳ የጨረሰችው አሮጊት ኩንጂፔኑ። «ክንፍ የለኝ፣ ቁመቴ ከሳቢሳ አይበልጥ። ልዋኝልህ?»

አሁን የተሳቀው በዳሳፓን ነበር። በመጨረሻ ተስማሙ። በሩ ተዘግቶ ዝናቡ ይጠበቅ፤ ኩንጂፔኑ እንደ ድሮው ውሃውን ቀምሳ ጨው የለውም ካለች ይዘራል። ሰኔ ካለቀ ግን በዳሳፓን ሐሳብ ይኬዳል።

ዝናቡ ሰኔ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ወረደ፤ ሲወርድም እንደ ጉድ ነበር። ኩንጂፔኑ በየጠዋቱ ትቀምሳለች፣ ፊቷን ታጨማድዳለች፣ ትተፋለች። ኦማና ከጀርባዋ ቆማ የሻሿን ጫፍ ታኝካለች።

በሰኔ የመጨረሻ ቀን አሮጊቷ ቀምሳ «ጨዉ አልቋል፣ ዝሩ» አለች።

«ትምባሆ ሲያኝክ የኖረ ምላስ ምን ያውቃል!» አለ ዳሳፓን።

«እንግዲያው አንተ ቅመሳ፣ የኔ ንጹሕ!»

ዳሳፓን በእፍኙ ጨልፎ ተጉመጠመጠ። ሁሉም እስኪተፋ ጠበቁ። እሱ ግን አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገ።

«ዋጠው!» ብላ ጮኸች ኩንጂፔኑ። «ሰዎች፣ ዋጠው!»

«ጠምቶኝ ነው» አለ ዳሳፓን፤ ሳቁ ግን አመለጠው። ዘሩን ከኦማና ቀድሞ የተሸከመው እሱ ነበር።

ሩዙ ሲያሸት ወይን ጠጅ ላባ ያላቸው የውሃ ዶሮዎች ወረሩት። ኦማና ድስት እየደበደበች ስትሳደብ ትውላለች፤ ማታ ደግሞ እየሳቀች ትገባለች። ከአጨዳው በኋላ የሩዙ አገዳ ጉቶ በቀረበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ትንንሾቹ ወፎች መጥተው ሰፈሩ። ኦማና የኒላን እጅ ይዛ «እዚህ ነው የሚቆሙት» አለቻት።

በሚያዝያ ትንንሾቹ ወፎች ወደ ሰሜን በረሩ። ዳሳፓንም ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄደ። የውሃ ዶሮዎቹ፣ ኩንጂፔኑና የኦማና ቤተሰብ እዚያው ቀሩ።