ቁጥሯ የተቆረጠ ስፓይደር

ሠላሳ ዓመት የነዳኋት ፊያት ስፓይደር ናት። ጣሪያዋን ገልጬ ስወርድ ሳሪስ አቦ ላይ የማያውቃት የለም። አምና ሞተሯ አለቀ። በ1996 ዓ.ም. የእሷ ሞተር ከየት ይመጣል? የቶዮታ አስገጠምኩላት። ይኸው ነው ጥፋቴ።

ዘንድሮ ለቦሎ ምርመራ ቃሊቲ ወሰድኳት። መርማሪዋ፣ ሥርጉት የምትባል ልጅ፣ ኮፈኑን ከፍታ አየችና «አባቴ፣ ይቺ እኮ ቶዮታ ናት» አለችኝ።

«ዓይንሽ የት ሄዷል? ቅርጿን አታዪም?»

«ቅርጽ አይመዘገብም። የሞተሩ ቁጥር ከሊብሬው ጋር አይገናኝም። የሻንሲውን ቁጥር ያሳዩኝ፤ እሱ ፊያት ካለ ለውጡን እመዘግብልዎታለሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልተገኘ ግን ሰሌዳዋ ይፈታል።»

ቁጥሩ የተመታው ከሞተሩ ኋላ ባለው ግድግዳ ላይ ነበር። ጎንበስ ብዬ ባይ ቦታው ላይ አዲስ ላሜራ ተበይዷል! ደሜ ፈላ። ሞተሩ ሲገባ የበየደው ባትላሜራው ፀሐዩ፣ የማኅበር ወንድሜ ነው። በታክሲ ወደ ጋራዡ ከነፍኩ።

«ሞተሩ አልገባ አለኛ! ግድግዳውን ቆረጥኩት» አለኝ እየሳቀ። «የድሮ ላሜራ ደግሞ አይጣልም፤ የግቢዬን በር ቀዳዳ ደፈንኩበት።»

ምን ዓይነት ሰው ነው? መሮና መዶሻ ነጥቄ ላሜራውን ከግቢው በር ላይ ፈነቀልኩት። ቀለሙን ስፍቀው ቁጥሩ ወጣ፤ ከሊብሬው ጋር አንድ ነው። ላሜራውንም ፀሐዩንም ይዤ ተመለስኩ። እሱ ከኋላዬ ከባለጉዳዮቹ ጋር ቆመ።

ሥርጉት ላሜራውን አገላብጣ አየችው። «ቁጥሩ ትክክል ነው። ግን ከዚች መኪና ለመቆረጡ ምን ማስረጃ አለ? የቆረጠው ሰው መጥቶ ይፈርም፤ ያኔ ሰሌዳዋን አልነካም።»

ዞሬ ፀሐዩን አየሁት። ጆሮዬ ሥር መጣና «ፈቃድ የለኝም፤ ከፈረምኩ ጋራዤን ያሽጉታል» አለ።

«ስለ አቦ! ስንት ዓመት ከአንድ ጽዋ ጠጥተናል!»

«ልጆች አሉኝ፣ ቀናው።»

ልጆች እንዳሉት ለእኔ ይነግረኛል! ሁለቱን ክርስትና ያነሳሁት እኔ አይደለሁም? ባንቀው ደስ ባለኝ።

«ማን ነው የቆረጠው?» አለች ሥርጉት።

እጄ ሊጠቁመው ተነሳ። ፀሐዩ መሬት መሬቱን ያያል፤ ይቅርታ እንኳ አላለኝም።

«አላውቀውም» አልኳት ጥርሴን ነክሼ።

ካቻቢቴ የያዘ ሠራተኛ ጠራች።