እጄን ማን ሰበረው?

በዚያች ጠባብ የብረት ቀጥቃጭ ቤት አባትና ልጅ ሥራ ላይ በአፍ አይነጋገሩም። አባት የጋለውን ብረት በጉጠት ይዘው በትንሿ መዶሻ ብረቱን ነካ ካደረጉ «እዚህ ጋ ምታ» ነው፤ ብረቱ የተጋደመበትን መስፍ ነካ ካደረጉ ደግሞ «አቁም»። ልጅ ትልቁን መዶሻ ያወርዳል። ጢም ካበቀለ ጀምሮ እንዲሁ ሲሠሩ ኖረው አንድም ቀን አልተሳሳቱም።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን አባት «አቁም»ን ይዘሏት ጀመር። ጉጠታቸው ጠፋና ምራታቸውን «አንቺ ሌባ!» ብለው አነቋት፤ ጉጠቱ ዱቄት ዕቃ ውስጥ ተገኘ። ዕድሜ ልካቸውን በተመላለሱበት መንገድ ጠፍተው፣ እጃቸውን ይዞ ወደ ቤት የመለሳቸውን ጎረቤት አፍንጫውን በቡጢ አፈረጡት።

«ሐኪም ይያቸው። ይሄ ቁጣ ብቻ አይደለም» አለች የልጅየው ሚስት፣ አንገቷ ላይ የጣት ምልክት እንዳለ።

«እርጅና ነው። ደግሞስ አባባ ያልተቆጡት መቼ ነው?» አላት ዓይኑን በጨው አጥቦ። ምቱ መዛባቱን ከሁሉ በፊት ያወቀው እሱ ነው። አባቱን ከእሳቱ ፊት ማንሳት በቁማቸው መቅበር መስሎት ፈራ እንጂ።

አንድ ጠዋት አባት ብረቱን ነካ አደረጉ። ልጅ መዶሻውን ሰቀለ። እሳቸው ማዘዛቸውን እዚያው ረሱትና አሁን ብብታቸው ሥር የሸጎጧትን ትንሿን መዶሻ ፍለጋ እጃቸውን መስፉ ላይ ሰደዱ። ትልቁ መዶሻ ወረደ። አጥንታቸው ሲንኮታኮት ልጁ በክንዱ ሰማው።

ሐኪሙ ሁለት ጣታቸውን ቆረጠ። ልጁም የጉጠቱን፣ የመንገዱን፣ የምቱን ነገር እያለቀሰ ዘረገፈለት።

«የመርሳት በሽታ ሳይሆን አይቀርም፤ እንመረምራቸዋለን። ምልክቱን ካየህ ቆየህ?»



ቤት ሲገቡ አባት በፋሻ የተጠቀለለ እጃቸውን አዩ። «እጄን ማን ሰበረው?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

በደህናው እጃቸው አጮሉት። ከንፈሩ ተሰነጠቀ። ሚስቱ ደሙን ጠርጋ ሳትጨርስ አባት እጃቸውን እንደ አዲስ አዩት።

«እጄን ማን ሰበረው?»

«እኔ ነኝ።»

በጥፊ ደገሙት።

እራት ላይ እንደገና ጠየቁ። ሚስቱ ዝም እንዲል በዓይኗ ለመነችው፤ ዝም አለ። አባት ጠጋ ብለው ደህናውን እጃቸውን ትከሻው ላይ ጣል አደረጉ።

«ግድ የለም፣ ንገረኝ ልጄ። አንተን የመሰለ ልጅ እያለኝ ማን ነው እኔን የሚደፍረኝ? ሄደህ እጁን ትሰብርልኛለህ።»

ይሄ ከጥፊው ሁሉ ባሰበት።

«እኔ ነኝ፣ አባባ» አለና ጉንጩን አቀረበላቸው።